ሽጉጥ ታጥቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ ዝግጅት መግባት፦ የአሜሪካ ሕግ በየበሩ ለምን ይለያያል?

ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 በዩታ ግዛት ኦረም ከተማ፣ ዩታ ቫሊ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወግ አጥባቂው የፖለቲካ አቀንቃኝ ቻርሊ ከርክ ሦስት ሺህ ገደማ ሰው በተሰበሰበበት ተገደለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዝግጅቱ ሜዳ ላይ ነበር። መግቢያው ላይ የብረት መፈተሻ አልነበረም፤ የታዳሚው ቦርሳም አልተፈተሸም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፤ ለመሆኑ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሽጉጥ ይዞ ዝግጅት መታደም ይፈቀዳል ወይ?

ለጥያቄው ሁለት መልሶች በብዛት ይሰማሉ። አንዱ «ትምህርት ቤት ነው፣ መሣሪያ ክልክል ነው» ይላል። ሌላው «አሜሪካ እኮ ነው፣ ፈቃድ ያለው ሰው የትም ይገባል» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በዩታ ፈቃድ ያለው ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሽጉጥ መያዝ ይችላል፤ በዚያ ቀን ከታዳሚው መካከል ሽጉጥ በወገቡ ያደረገ ባለፈቃድ ቢኖር ኖሮ ሕግ አልጣሰም። ግድያው የተፈጸመው ግን ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኝ ሕንጻ ጣሪያ ላይ በተተኮሰ ጠመንጃ ነው። ሽጉጥ ደብቆ መያዝን የሚፈቅደውም ሆነ የሚከለክለው ሕግ ይህን አይነካውም። ቢሆንም የሁለቱም ጎራ ተከራካሪዎች ድርጊቱን ለየራሳቸው ማስረጃ ሲያደርጉት ከረሙ።

የሕጉን ነገር ግልጽ የሚያደርገው ከግቢው ይልቅ ሦስት ነገሮችን ለይቶ መጠየቅ ነው፦ ሰውየው ማን ነው? የቆመበት ሕንጻ ምንድን ነው? በዚያ ሰዓት እዚያ ምን እየተካሄደ ነው? ብዙ ሰው የሚስተው ሦስተኛውን ነው።

የቃላቱ ትርጉም

ሽጉጥ ደብቆ መያዝ ማለት መሣሪያውን በኮት፣ በሸሚዝ ወይም በቦርሳ ሸፍኖ፣ ለሌላ ሰው በማይታይበት ሁኔታ መታጠቅ ነው። በግልጽ መታጠቅ ደግሞ ማህደሩ ወገብ ላይ እየታየ መሄድ ነው። «ካምፓስ ካሪ» የሚባለው ሕግ በአብዛኛው የሚፈቅደው የመጀመሪያውን ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሽጉጡን ደብቆ እንዲይዝ።

ለግርታው ትልቁ ምክንያት ከዚህ ጋር የሚምታታው ሌላ ሕግ ነው። ባለፉት ዓመታት ከግዛቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያለ ፈቃድ መታጠቅን ፈቅደዋል። ቴክሳስ ይህን ያደረገችው ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነው። ታዲያ መንገድ ላይ የተፈቀደው ዩኒቨርሲቲ ሕንጻ ውስጥ አልተፈቀደም። እዚያ ለመግባት አሁንም ከግዛቲቱ የተሰጠ የመታጠቂያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ወደ መማሪያ ሕንጻ ይዞ የገባ ሰው በቴክሳስ የሦስተኛ ደረጃ ፌሎኒ ይጠብቀዋል። ፌሎኒ ማለት ከባድ ወንጀል ነው፤ በዚህ ደረጃ ከሁለት እስከ አሥር ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል።

የፌዴራል ሕግ የት ድረስ ይሄዳል?

«የትምህርት ቤት አካባቢ ከመሣሪያ ነጻ ነው» የሚለው እምነት የመጣው ከአንድ የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉ በትምህርት ቤት ዙሪያ በ1,000 ጫማ፣ ማለትም በ300 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ነገር ግን የሚመለከተው እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። የፌዴራሉ መንግሥት የተወውን ቦታ እያንዳንዱ ግዛት በራሱ መንገድ ሞልቶታል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 መሣሪያ የመያዝ መብት የግለሰብ መብት ነው ብሎ ሲወስን፣ እንደ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንጻ ያሉ ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎች ላይ የተጣሉ ክልከላዎችን እንደማይነካ ጠቅሷል። በ2022 ደግሞ መብቱ ከቤት ውጭም እንደሚሠራ ወስኖ፣ ክልከላዎች ከአገሪቱ የሕግ ታሪክ ጋር የሚጣጣሙ መሆን እንዳለባቸው ደነገገ። የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ወይም ስታዲየም ከእነዚህ ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎች መካከል መሆን አለመሆኑ ግን የየግዛቱ ምክር ቤቶችና የሥር ፍርድ ቤቶች ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ቴክሳስ፦ አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ሕግ

ቴክሳስን በዝርዝር ማየት የሚጠቅመው ሕጉ የደከመበትም የበረታበትም ቦታ በግልጽ ስለሚታይ ነው። «ካምፓስ ካሪ»ን የፈቀደው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ ረቂቅ ቁጥር 11 በ2015 ጸድቆ በአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ቀን 2016 ነው። ኦገስት 1 ቀን 1966 አንድ ተማሪ በኦስቲኑ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰዓት ማማ ላይ ወጥቶ ከደርዘን በላይ ሰዎችን ገድሎ ነበር። ሕጉ የጀመረው ልክ በሃምሳኛ ዓመቱ ነው፤ ይህ የቀን መገጣጠም በተማሪዎችና በመምህራን ዘንድ ብዙ ቁጣ ቀስቅሷል።

ብዙዎች ከ2016 በፊት ግቢው ሙሉ በሙሉ ከመሣሪያ ነጻ የነበረ ይመስላቸዋል። አልነበረም። ፈቃድ ያለው ሰው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በግቢው መንገዶችና በመኪና ማቆሚያው ሽጉጡን ይዞ ማለፍ ይችል ነበር። ሕጉ የለወጠው የሕንጻዎቹን በር ነው። የግል ዩኒቨርሲቲዎች ግን ላለመቀበል ተፈቅዶላቸዋል፤ ራይስ፣ ቤይለርና ዳላስ የሚገኘው ሳውዘርን ሜቶዲስትን ጨምሮ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ክልከላቸውን አጽንተዋል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዳንድ ክፍሎችን ክልክል ማድረግ ይችላሉ፤ አደገኛ ኬሚካል ያለባቸው ላቦራቶሪዎች፣ የሕጻናት ማቆያዎች፣ የዲሲፕሊን ችሎት የሚካሄድባቸው ክፍሎች። ነገር ግን በተዘዋዋሪም ቢሆን ግቢውን በሙሉ የሚዘጋ ደንብ ማውጣት አይችሉም። ይህ ገደብ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ የታየው በኦስቲን ነው። የዩኒቨርሲቲው አመራር ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ጥይት ያጎረሰ ሽጉጥ እንዳይዙ የሚል ደንብ አርቅቆ ነበር፤ የበላይ ቦርዱ በጁላይ 2016 ሰረዘው። የቀረው ሽጉጡ ምላጩን በሚሸፍን ማህደር ውስጥ ይሁን የሚለው ደንብ ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቶች እንምጣ። የቴክሳስ የወንጀል ሕግ የስፖርት ውድድር ወይም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር በሚካሄድበት ሕንጻ ውስጥ ሽጉጥ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ መኖሩ አያድንም፤ ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 4,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ እናስብ። ጠዋት እንግዳ ተናጋሪ ንግግር ያደርጋል፤ ባለፈቃዱ ሽጉጡን በኮቱ ሥር አድርጎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቢቀመጥ ሕጋዊ ነው። ከሰዓት በኋላ በዚያው አዳራሽ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ይጀመራል፤ ያው ሰው፣ ያው ፈቃድ፣ ያው ወንበር፣ ነገር ግን አሁን ወንጀል ሆኗል። ሕንጻው አልተለወጠም። የተለወጠው መርሐ ግብሩ ነው።

የሚተችበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ባለፈቃዱ የአዳራሹን የዕለት መርሐ ግብር እንዲያውቅ ይጠብቅበታል። ስታዲየም ሲሆን ቀላል ነው፤ አዳራሽ ሲሆን ግን ሰው ሳያውቅ ሊሳሳት ይችላል። የስታዲየሙ አጥር ውጭ፣ ደጋፊዎች ከጨዋታ በፊት ሥጋ እየጠበሱና እየጠጡ የሚሰበሰቡበት የመኪና ማቆሚያ ደግሞ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም፤ ሕጉ ሕንጻ ሲል መኪና ማቆሚያንና የእግረኛ መንገድን አይጨምርምና። ከደኅንነት አንጻር ካየነው መጠጥ የበዛበት ቦታ ልል፣ ፍተሻ ያለበት ቦታ ጥብቅ መሆኑ ግራ ያጋባል።

በሩን ማን ይጠብቃል?

ሌሎች ግዛቶች የዝግጅቱን ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መልሰዋል። አይዳሆ በ2014 ባወጣችው ሕግ ቢያንስ 1,000 ሰው የሚይዙ የመዝናኛ ሥፍራዎችን ከፈቃዱ ውጭ አደረገች። ዌስት ቨርጂኒያ በ2024 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከ1,000 በላይ ተመልካች በሚይዝ ስታዲየም ለሚካሄድ ዝግጅት ክልከላው እንዲጸና አደረገች። ቴነሲ ፈቃዱን ለሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ብቻ ሰጥታ፣ በስታዲየም፣ በጂምናዚየምና በአዳራሽ ዝግጅት ሲኖር ግን ለእነሱም ከለከለች። ኮሎራዶ በተቃራኒው ለዓመታት የተፈቀደውን በ2024 ዘጋችው።

የአርካንሳስ ታሪክ በተለይ ያስተምራል። ገዥው ኤሳ ሃቺንሰን በማርች 2017 የፈረሙት ሕግ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ባለፈቃድ የኮሌጅ ስታዲየሞችን ጨምሮ እንዲገባ የሚያስችል ነበር። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የሚጫወትበት የደቡብ ምሥራቅ የስፖርት ማኅበር ኃላፊ ስጋታቸውን በይፋ ገለጹ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የማስተካከያ ሕግ ወጥቶ የኮሌጅ ጨዋታዎች ከፈቃዱ ውጭ ሆኑ። የመምህራን ተቃውሞ በዓመታት ያላስገኘውን የእግር ኳስ ገቢ በቀናት አስገኘው ማለት ይቻላል።

ካንሳስ ደግሞ ጥያቄውን ወደ ገንዘብ ቀይራዋለች። ከጁላይ 2017 ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሽጉጥ መከልከል የሚችለው በየመግቢያው የብረት መፈተሻና የታጠቀ ጠባቂ ካቆመ ብቻ ነው። ለመቶ ሕንጻ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ለአንድ ትልቅ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ግን ይቻላል። ስለዚህ መከልከል የሚቻለው በር ለመጠበቅ የሚበቃ ገንዘብ ባለበት ብቻ ሆነ። ጥያቄው የመንግሥት ሆስፒታሎች ላይ ሲደርስና የጥበቃው ወጪ ሲሰላ፣ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ሆስፒታሎቹን ከግዴታው ነጻ አወጣቸው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ያንን ዕድል አላገኙም።

በእኔ ግምት የካንሳስ ሕግ ከሁሉም የበለጠ ሐቀኛ ነው፤ ጥሩ ሕግ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሌሎቹ ሕጎች የሚሸፍኑትን ነገር በግልጽ ያስቀምጣል። ፍተሻ የሌለበት ክልከላ የሚያቆመው ሕግ አክባሪውን ብቻ ነው፤ ፈቃድ ብቻውን ደግሞ በሩ ላይ ማን እንደገባ አይነግርም። ሁለቱም ወገን ስለ መብት ሲከራከር፣ ዝግጅት ላይ የተቀመጠውን ሰው የሚመለከተው ግን በሩ ላይ ሠራተኛ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ዋሽንግተን ዙሪያ፦ በአንድ ባቡር ሦስት ሕግ

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ልዩነቱ በአጭር ርቀት ይታያል። በዲሲ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ በዩኒቨርሲቲ ሕንጻም ሆነ ግቢ መታጠቅ አይችልም። ሜሪላንድ በ2023 ባወጣችው ሕግ የመንግሥትም የግልም የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሕንጻዎችን ዘግታለች። ከቨርጂኒያ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ሜሪላንድም ዲሲም ውስጥ አይሠራም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስ የሚገኘው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከዝግጅት አንጻር ዋነኛው ምሳሌ ነው። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ከፖሊስ በስተቀር ማንም ሰው በመማሪያ፣ በአስተዳደርና በመኖሪያ ሕንጻዎች፣ በምግብ አዳራሾች፣ እንዲሁም በስፖርት፣ በመዝናኛና በትምህርታዊ ዝግጅቶች ላይ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ተማሪም ሠራተኛም ያልሆነ አንድ ጎብኚ ደንቡን ተቃውሞ ከሰሰ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2011 ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ። ምክንያቱ ልብ ይሏል፤ ደንቡ የጸናው ግቢውን በሙሉ ስላልዘጋ፣ ክልከላው ሰው በሚበዛባቸው ሕንጻዎችና ዝግጅቶች ላይ ስለተወሰነ ነው። ከዚያ በኋላ በሌሎች ግዛቶች የወጡት የክፍል በክፍል ክልከላዎችም በዚሁ መንገድ የተቀየሱ ናቸው።

ክርክሩ ምን ያህል ማስረጃ አለው?

ፈቃድ ይስፋ የሚሉት ወገኖች በተማሪዎች ዘንድ በሰፊው የተደራጁት 32 ሰዎች ከተገደሉበት የ2007ቱ የቨርጂኒያ ቴክ ጥቃት በኋላ ነው። ሐሳባቸው ቀላል ነው፤ ጥቃት አድራሹ ሕግ አያከብርም፣ ክልከላው ትጥቅ የሚያስፈታው ተጠቂውን ነው። በ2002 በቨርጂኒያ አፓላቺያን የሕግ ትምህርት ቤት ከመኪናቸው ሽጉጥ ያመጡ ተማሪዎች ተኳሹን በመያዝ መሳተፋቸውን ይጠቅሳሉ። እነዚህ ተማሪዎች የሕግ አስከባሪነት ልምድ እንደነበራቸው ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው በ2015 በኦሪገን አምፕኳ ኮሌጅ የደረሰውን የተኩስ ጥቃት ያነሳሉ። በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ ፈቃድና ሽጉጥ የነበረው የቀድሞ ወታደር ነበር። ጣልቃ አልገባም። ልዩ የፖሊስ ኃይል ሲደርስ እኛን ተኳሽ አድርጎ ሊወስደን ይችላል ብሎ መፍራቱን በኋላ ተናግሯል። ይህ ስጋት ሺህ ሰው በተጨናነቀበት ዝግጅት ላይ የበለጠ ይከብዳል፤ አንድ ጥይት ሲጮህ ሦስት ሰው ሽጉጥ ቢመዝ ፖሊሱ ማንን ይለያል? ቢን ላደን የተገደለበትን ዘመቻ የመሩትና በኋላ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ኃላፊ የሆኑት አድሚራል ዊልያም ማክሬቨን የቴክሳሱን ሕግ ተቃውመው ነበር፤ ተቃውሞው መሣሪያ ከማያውቁ ሰዎች ብቻ ይመጣል የሚለውን አነጋገር ይህ ያዳክመዋል።

በተግባር የታየውስ? በቴክሳስ ተቃዋሚዎች የፈሩት ዓይነት የመማሪያ ክፍል ተኩስ ልማድ አልሆነም። ደጋፊዎች ተስፋ ያደረጉት ዓይነት ጥቃት የማስቆም ታሪክም አልተከማቸም። የታዩት ትናንሽ አደጋዎች ናቸው፦ የአይዳሆ ሕግ በሥራ ላይ በዋለ በሁለት ወሩ አንድ ረዳት ፕሮፌሰር ክፍል ውስጥ ኪሱ በነበረው ሽጉጥ የራሱን እግር መታ፤ በቴክሳስ ታርልተን ስቴት በ2016 በአንድ ተማሪ መኖሪያ ሽጉጥ ባርቆ ሰው ሳይጎዳ ቀረ።

ዜግነት ለሌለው ሰው

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበው ይህ ክፍል ነው፤ በአሜሪካ ሚዲያ ክርክር ውስጥ ግን ብዙም አይነሳም። በተማሪ ቪዛ ማለትም በኤፍ 1፣ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም። እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ቅጣቱ ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። የግዛቱ ሕግ ምንም ያህል ልል ቢሆን ይህን አያነሳውም።

መያዝ ማለት ደግሞ የራስ ማድረግ ብቻ አይደለም። ከተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ፍሎሪዳ ለትምህርት የሄደ አንድ ወጣት ከትምህርቱ ተሰናብቶ ቪዛው ዋጋ ካጣ በኋላ ተኩስ መለማመጃ ሄዶ ተኮሰ፤ ተከሶም ተፈረደበት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ የመኖሪያ ሁኔታውን ማወቁን ማስረዳት አለበት ተብሎ ፍርዱ ተሻረ። ሕጉ ራሱ ግን እንዳለ ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መግዛትና መያዝ ይችላል። ሆኖም የመሣሪያ ሕግ ጥሶ የተፈረደበት ግሪን ካርድ ያዥ ከአገር ለመባረር ሊዳረግ ይችላል፤ ለዚህ ፌሎኒ መሆኑ ግድ አይደለም። ለዜጋ በገንዘብ ቅጣት የሚያልፍ የስታዲየም በር ስህተት ለእሱ የኢሚግሬሽን ችሎት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ጠበቃ ሳያማክሩ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ቶሎ መገላገል የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ከዩታ በኋላ ምን ይጠበቃል?

ከዩታው ግድያ በኋላ የምክር ቤቶች ትኩረት ሽጉጥ ይፈቀድ ወይ ከሚለው ይልቅ የዝግጅት ጥበቃ ላይ ቢሆን የተሻለ ነው። በዚያ ቀን ለሦስት ሺህ ሰው የተመደቡት የግቢው ፖሊሶች ስድስት ነበሩ። ጣሪያ መፈተሽ፣ ሜዳን ትቶ አዳራሽ መጠቀም፣ በትኬት ማስገባት፤ እነዚህ ሁሉ ሕግ ሳይለወጥ የሚደረጉ ናቸው።

ሁሉም ግን ገንዘብ ይጠይቃሉ። በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ለአንድ ወግ አጥባቂ ተናጋሪ ጥበቃ 600,000 ዶላር ገደማ እንዳወጣ ተዘግቧል። ወጪውን ወደ ጋባዡ ማሻገርም ቀላል አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 ከጆርጂያ በመጣ ጉዳይ፣ የመንግሥት አካል አድማጩ ይቆጣል በሚል ስሌት ለተናጋሪው ተጨማሪ የጥበቃ ክፍያ መጣል እንደማይችል ወስኗል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በታዳሚ ብዛት ወይም በአዳራሽ ስፋት ማስከፈል ይችላል፤ በተናጋሪው አወዛጋቢነት ግን አይችልም። ስለዚህ አወዛጋቢው እንግዳ ሲመጣ የበሩን ሒሳብ የሚከፍለው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው።

ትልልቆቹ ይችሉታል። የማይችሉት ትንንሽ የመንግሥት ኮሌጆች የሚቀላቸውን መንገድ ሊመርጡ ይችላሉ፦ ዝግጅቱን ለተማሪ ብቻ ማድረግ፣ ወይም አዳራሹን ለውጭ ተከራይ መዝጋት። ሁለተኛው የኮሌጅ አዳራሽ እየተከራዩ የአዲስ ዓመት በዓልና የእርዳታ ማሰባሰቢያ የሚያዘጋጁ የማኅበረሰብ ድርጅቶችን በቀጥታ ይነካል። አዳራሹን ባያጡ እንኳ የኪራይ ውሉ ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ የመቅጠር ግዴታ በማን ላይ እንደወደቀና ሽጉጥ ክልክል መሆኑን የሚያሳውቀውን ምልክት ማን እንደሚለጥፍ ማየት ይኖርባቸዋል። በቴክሳስ ምልክቱ ራሱ በሕግ የተደነገገ ጽሑፍና የፊደል መጠን አለው፤ በር ላይ በእጅ የተጻፈ «ሽጉጥ ክልክል ነው» ባለፈቃዱን ለመክሰስ አይበቃም።